«የተሳሳተ ሪጅን»፦ የኦባማ 25 ዲቪዲዎች ለንደን ላይ ምን ገጠማቸው?

የብሪታኒያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ማርች 3 ቀን 2009 ዋሽንግተን ላይ ከአዲሱ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ጋር ሲገናኙ፣ በመሪዎች ወግ ስጦታ ተለዋወጡ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብራውን ይዘው የሄዱት በደንብ የታሰበበት ነበር። የባሪያ ንግድን ለመከላከል ተሰማርታ ከነበረችው ጋኔት ከተባለች የብሪታኒያ የጦር መርከብ እንጨት የተሠራ የብዕር ማስቀመጫ አበረከቱ። ኦባማ ይሠሩበት የነበረው የኋይት ሀውሱ ጠረጴዛ ደግሞ ሬዞሉት ከተባለች ሌላ የብሪታኒያ መርከብ እንጨት ተሠርቶ በ1880 በንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ነው። የብዕር ማስቀመጫውም ጠረጴዛውም ከአንድ አገር መርከቦች እንዲወጡ መደረጉ ነው ቁም ነገሩ። በምላሹ ብራውን የተቀበሉት 25 የታወቁ የአሜሪካ ፊልሞችን የያዘ የዲቪዲ ስብስብ ነበር።

የብሪታኒያ ጋዜጦች ቀድሞውኑም ቅር ብሏቸው ነበር። የዊንስተን ቸርችል ሐውልት ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ወጥቶ መመለሱ አልተዋጠላቸውም። በዚህ ላይ ከየትኛውም የፊልም መሸጫ የሚገዛ ዲስክ ለጠቅላይ ሚኒስትር ተሰጠ ሲባል ትችቱ በረታ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የለንደኑ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ጨዋታውን ጨረሰው፦ ብራውን አንድ ምሽት ፊልም ሊያዩ ተቀምጠው ዲስኩን ሲያስገቡ፣ ማያው ላይ «የተሳሳተ ሪጅን» የሚል ጽሑፍ ወጣ ብሎ ዘገበ። በጋዜጣው ዘገባ መሠረት የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ቃል አቀባይ ስጦታው ታስቦበት የተሰጠ ስለመሆኑ እንደማይጠራጠሩ ተናግረው፣ የቴክኒኩን ነገር ግን ኋይት ሀውስን ጠይቁ አሉ።

ወሬው ዓለምን የዞረው በቀልድነቱ ነው። በየአገሩ ሲነገር የነበረውም «የአሜሪካ ዲቪዲ እንግሊዝ አገር አይሠራም» በሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር ትክክል ይመስላል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ዲቪዲ ከአገር አገር ሲሻገር ሁለት ቁልፎች ይገጥሙታል። አንደኛው ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚከፈት የሚወስነው የሪጅን ኮድ ነው፣ ሁለተኛው የቴሌቪዥን ሥርዓት ልዩነት። አንዱ የንግድ ስምምነት ነው፣ ሌላው ከመብራት ኃይልና ከቴሌቪዥን አሠራር ታሪክ የመጣ እውነተኛ የቴክኒክ ልዩነት ነው። የብራውንን ጉዳይ ለጥናት የሚመች የሚያደርገው፣ እንቅፋት የሆነው ሁሉም ከባድ ነው ብሎ የሚገምተው ሳይሆን ቀላሉ መሆኑ ነው።

አንዲት ባይት

ዲስክ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚነበበው ፊልሙ አይደለም። ዲስኩ ላይ ያሉት ርዕሶች፣ ሜኑዎችና ምዕራፎች የት የት እንዳሉ የሚናገር ማውጫ ፋይል አለ፤ ማጫወቻው ቀድሞ የሚከፍተው እሱን ነው። ከዚህ ፋይል መጀመሪያ ሲቆጠር 36ኛው ባይት ላይ ስምንት ቢቶች ተቀምጠዋል፣ ለእያንዳንዱ ሪጅን አንድ። ቢቱ 0 ከሆነ ተፈቅዷል፣ 1 ከሆነ ተከልክሏል። ለሪጅን 1 ብቻ የተዘጋጀ ዲስክ ላይ ይህች ባይት 11111110 ሆና ትጻፋለች። ከቀኝ ሲቆጠር የመጀመሪያዋ ብቻ ዜሮ ናት፣ የቀሩት ሰባቱ በር ዝግ ነው።

ብሪታኒያ ውስጥ የተሸጠ ማጫወቻ በውስጡ 2 የሚል ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ሁለተኛዋን ቢት ያያል፣ 1 ያገኛል፣ ይቆማል። ያ ነው በቃ። ሌዘሩ ዲስኩን ማንበብ ችሏል። ምስሉን የሚፈታው ቺፕ ዋሽንግተን ውስጥ ያለ ማጫወቻ ውስጥ ካለው የሚለይበት ነገር የለም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፋብሪካ ወጥቶ የሚለየው ፕሮግራሙ ላይ የተሞላው ቁጥር ብቻ ነው። «የተሳሳተ ሪጅን» የሚለው ጽሑፍ ማያው ላይ መውጣቱ ራሱ ማጫወቻው ዲስኩን አንብቦ እንደተረዳው ማረጋገጫ ነው። ማንበብ ያልቻለ ማጫወቻ የሚለው «ዲስክ የለም» ወይም «ስህተት» ነው።

ሪጅኖቹ እንዲህ ተከፋፍለዋል። 1 አሜሪካና ካናዳ ነው። 2 ምዕራብ አውሮፓን፣ ጃፓንን፣ መካከለኛው ምሥራቅን፣ ከአፍሪካም ግብፅንና ደቡብ አፍሪካን ይዟል። 3 ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ነው። ላቲን አሜሪካ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር 4 ውስጥ ገብቷል። አብዛኛው አፍሪካ፣ ሩሲያ፣ ሕንድና ፓኪስታን 5 ናቸው፤ ቻይና ብቻዋን 6 ሆናለች። 7 ለተለየ ጉዳይ ተጠብቆ የቆየ ነው፣ 8 ደግሞ አውሮፕላንና መርከብ ላይ ለሚታዩ ፊልሞች የተመደበ። ሰዎች «ሪጅን 0» የሚሉት በዝርዝሩ ላይ የለም፤ ስምንቱም ቢቶች ዜሮ የሆኑበት፣ የትም የሚከፈት ዲስክ ለማለት ነው። ካርታውን በጂኦግራፊ ልረዳው የሚል ሰው ይቸገራል። ለንደንና ቶኪዮ አንድ ምድብ ሆነው፣ ካይሮና ካርቱም ተለያይተዋል። የካርታው መሥመር የተሰመረው የፊልም ኩባንያዎች በምን ቅደም ተከተል ይሸጣሉ በሚለው ሒሳብ ነው።

ማጫወቻ አምራቾች ይህን ባይት እንዲያከብሩ የሚያስገድዳቸው ምንድን ነው? ሕግ አይደለም። ፊልሞቹ ላይ ሲኤስኤስ የሚባል ማመስጠሪያ አለ። ይህን መፍቻ የሚፈልግ አምራች ዲቪዲ ሲሲኤ ከተባለው ማኅበር ፈቃድ መውሰድና ውል መፈረም ነበረበት። ውሉ ውስጥ ካሉት ግዴታዎች አንዱ የሪጅን ቁጥሩን ማክበር ነው። ቁልፉን የሚፈልግ ሁሉ ሁኔታውንም አብሮ ይቀበላል። ማመስጠሪያው ራሱ 40 ቢት ብቻ ርዝመት ያለው ቁልፍ የሚጠቀም ደካማ ነገር ስለነበር በ1999 ተሰብሯል፤ የሪጅኑ ደንብ ግን በውል ላይ የቆመ በመሆኑ ምስጢሩ ከወጣ በኋላም በየሳሎኑ ባሉ ማጫወቻዎች ላይ ቀጠለ።

ማንም ያልጠየቀው ሁለተኛው ቁልፍ

አሁን ብራውን የሪጅኑን በር አልፈው ነበር እንበል። ያኔ የሚመጣው ጥያቄ ምስሉ በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል ወይ የሚል ነው። ብዙ ዘገባዎች ይህንን ከሪጅኑ ጋር እያምታቱ ነው ያለፉት።

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ ዲቪዲ ኤንቲኤስሲ በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ልክ የተዘጋጀ ነው፦ 720 በ480 ነጥብ፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም (ነጠላ ምስል)። ብሪታኒያ ፓል የተባለው ሌላው ሥርዓት አገር ናት፦ 720 በ576 ነጥብ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ልዩነቱ የመጣው ከዲቪዲ እጅግ ቀድሞ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የአውሮፓ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ የጥንቶቹ ቴሌቪዥኖች የምስል ፍጥነታቸውን ከመብራቱ ጋር አስማምተው ተሠሩ። አሜሪካ የቀለም ሥርዓቷን በ1953 ወሰነች፤ ብሪታኒያና ምዕራብ ጀርመን በፓል የቀለም ሥርጭት የጀመሩት በ1967 ነው። ዲቪዲ ዲጂታል ስለሆነ በጥብቁ ከተነጋገርን ዲስኩ ላይ «የፓል ቀለም» ወይም «የኤንቲኤስሲ ቀለም» የሚባል ነገር የለም። ዲስኩ ላይ ያለው የመሥመር ብዛትና የፍሬም ፍጥነት ነው። ቀለሙ የሚቀየጠው ማጫወቻው ምልክቱን በገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ሲልክ ነው።

ነገሩ ለብራውን የሚያደላው እዚህ ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ የተሸጡ ማጫወቻዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የኤንቲኤስሲ ዲስክ ያነብባሉ። አንዳንዶቹ እንዳለ ይልኩታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ፓል 60 የሚባለውን ድብልቅ ያወጣሉ፦ የአሜሪካን የመሥመር ብዛትና 60 ኸርዝ ይዞ ቀለሙን ብቻ በፓል መንገድ፣ በ4.43 ሜጋኸርዝ ላይ የሚጭን ምልክት። በ2009 ብሪታኒያ ውስጥ የነበረ የተለመደ ቴሌቪዥን ይህን ያለ ችግር ይቀበላል። ጠፍጣፋዎቹማ ምንም አይጨንቃቸውም። አሮጌ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮ ምስሉ ወደ ላይ እየተንሸራተተ ሊያስቸግር ወይም ጥቁርና ነጭ ሊሆን ይችል ነበር፤ የሁለተኛው ምልክት መሥመሩ ተስተካክሎ ቀለሙ ብቻ መጥፋቱ ነው። ያኔም ቢሆን ስካርት የሚባለውን ሰፊውን የአውሮፓ ገመድ በአርጂቢ መንገድ ማገናኘት ቀለሙን ይመልሰዋል፤ ምክንያቱም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ለየብቻቸው ስለሚሄዱ የቀለም መቀየጫ የሚባለው ደረጃ ጭራሽ አይደረስበትም።

ድምፁም ችግር አልነበረበትም። የአሜሪካ ዲስኮች የሚጠቀሙበትን ዶልቢ ዲጂታል የአውሮፓ ማጫወቻዎች ሁሉ ያውቁታል።

እንዲያውም አንድ ነገር ላይ የአሜሪካው ዲስክ ይበልጣል። ሲኒማ የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። የፓል ዲስክ ሲዘጋጅ 24ቱን ፍሬም በሰከንድ 25 አድርጎ ማስሮጥ የተለመደ ነው። ፊልሙ 4 በመቶ ይፈጥናል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም በ115 ደቂቃ ያልቃል። ድምፁ ካልተስተካከለም ከግማሽ ቶን በጥቂት በሚያንስ ልክ ከፍ ብሎ ይሰማል። ጆሮው ለሙዚቃ የሠላ ሰው የሚያውቀው ዘፈን ቀጥኖ ሲመጣ ወዲያው ያስተውለዋል። የኤንቲኤስሲ ዲስክ ግን ፍጥነቱን ሳይነካ ፍሬሞቹን አንዱን ሦስት ጊዜ፣ ቀጣዩን ሁለት ጊዜ እያሳየ ይደርሳል። ዋጋው ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር የምስሉ ትንሽ መንገጫገጭ ነው። በመሥመር ብዛት ፓሉ ይበልጣል፤ 576 ከ480 በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። እኔ ብጠየቅ ለአሮጌ ፊልም፣ በተለይ ሙዚቃ ለሚበዛበት፣ ትክክለኛውን ፍጥነት እመርጣለሁ። ብራውን ይህን ምርጫ የማድረግ ዕድል እንኳ አላገኙም።

ሁለቱ ቁልፎች እንደማይገናኙ ለማየት ጃፓንን መመልከት ይበቃል። ጃፓን እንደ ብሪታኒያ ሪጅን 2 ናት፤ ቴሌቪዥኗ ግን ኤንቲኤስሲ ነው። ከቶኪዮ የመጣ ዲስክ ለንደን ላይ የመጀመሪያውን በር ያለ ጥያቄ ያልፋል፣ ሁለተኛው ላይ የማጫወቻውን ችሎታ ይጠይቃል። አውስትራሊያና ብራዚል ሁለቱም 4 ናቸው፤ የአውስትራሊያ ዲስክ ባለ 50 ኸርዝ፣ የብራዚሉ ባለ 60 ኸርዝ ነው። አንድ ዲስክ ሲገዛ ቁጥሩ ከተገጣጠመ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው የተሳሳተውም፣ ፓልና ኤንቲኤስሲ ከተለያዩ አይሠራም ብሎ የሚተወውም፣ ሁለቱም አንዱን ቁልፍ ብቻ ነው ያዩት።

ያረጀ ፊልም ለምን ይቆለፋል?

የሪጅን ኮድ ሲመጣ የቀረበው ምክንያት ሲኒማ ቤቶችን መጠበቅ ነበር። ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በኖቬምበር 1996፣ አሜሪካ ውስጥ በማርች 1997፣ አውሮፓ ደግሞ በ1998 ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የአሜሪካ ፊልም ለንደን ሲኒማ ቤት የሚደርሰው አገሩ ላይ ከታየ ከወራት በኋላ ነበር። የፊልም ጥቅል ኮፒ ውድ ስለሆነ አሜሪካ ሲታይበት የነበረው ወደ ሌላ አገር ይዛወራል፣ ተዋናዮቹም ለማስተዋወቅ ሁሉም ቦታ በአንዴ መገኘት አይችሉም። ብሪታኒያ ሲኒማ ቤት ገና ሲከፈት የአሜሪካው ዲቪዲ በፖስታ ቢደርስ ትኬቱን ማን ይገዛል? ስቱዲዮዎቹ አዲሱን ቴክኖሎጂ ለመደገፍ ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ ይህን በር የሚዘጋ ነገር እንዲኖር ነው።

ለአዲስ ፊልም ክርክሩ ስሜት ይሰጣል። ለብራውን የተሰጡት ግን ሲኒማ ቤት ከታዩ ዘመን ያለፋቸው፣ የአሜሪካ ፊልም ታሪክ መታወቂያ የሆኑ ሥራዎች ናቸው። የእነሱን የሲኒማ ገበያ የሚጠብቅ ባይት ምን ይጠብቃል? የቀረው ምክንያት የማከፋፈል መብት ነው። አንድ ፊልም አሜሪካ ውስጥ የአንዱ ኩባንያ፣ ብሪታኒያ ውስጥ የሌላው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በየክልላቸው የከፈሉበትን ገበያ ሌላው እንዳይነካባቸው ይፈልጋሉ። በዚህ ላይ ዋጋን በየአገሩ ለያይቶ የመሸጥ ጥቅም አለ። የአውሮፓ ኅብረት የውድድር ኮሚሽነር የነበሩት ማርዮ ሞንቲ በ2001 ስቱዲዮዎቹን ማብራሪያ የጠየቁት በዚሁ የዋጋ ልዩነት ጉዳይ ነበር፤ የአውስትራሊያም የውድድር ተቆጣጣሪ በዚያው ሰሞን ሪጅን ኮድ የገዢዎችን ምርጫ ያጠብባል በሚል ጥያቄ አንስቶበታል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ልማድ ነው። ዲስክ ለአሜሪካ ገበያ ሲዘጋጅ ባይቷን 11111110 ብሎ መሙላት የተለመደ አሠራር ሆኗል፤ ለእያንዳንዱ አሮጌ ፊልም መቆለፉ ይጠቅማል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አያስፈልገውም።

የብሪታኒያ ሕግስ? እዚያ ለገበያ የሚቀርብ ቪዲዮ የዕድሜ ደረጃ እንዲሰጠው የሚያዝ የ1984 ሕግ ነበር፤ ያለ ንግድ የሚሰጥ ስጦታ ግን አይመለከተውም። (ይኸው ሕግ በ1980ዎቹ ለአውሮፓ ኮሚሽን መገለጽ ሲገባው ሳይገለጽ ቀርቶ ተፈጻሚ ሊሆን እንደማይችል የታወቀው ስጦታው በተሰጠበት በ2009 በኦገስት ነው፤ በጃንዋሪ 2010 እንደ አዲስ ታወጀ።) ስለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ፊልም እንዳያዩ የከለከላቸው የትኛውም አገር ሕግ ወይም ጉምሩክ አይደለም።

ከዲስኩ ጀርባ ያለችው ትንሽ ሉል

የንግድ ዲቪዲ ማቀፊያ ጀርባው ላይ ከባርኮዱ አካባቢ ትንሽ የምድር ሉል ምልክት ይታተምበታል፤ መሐሉ ላይ የሪጅን ቁጥሩ አለ። አጠገቡም ብዙ ጊዜ ኤንቲኤስሲ ወይም ፓል የሚል ይጻፋል። ስጦታውን ያዘጋጀው ሰው ሃያ አምስቱንም ማቀፊያዎች ገልብጦ ቢያይ የሚያነብበው ይህንኑ ነው። ታዲያ ለምን አላስተዋለም ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን ያን ያህል አልፈርድበትም። አሜሪካ ውስጥ ያደገ የፊልም ገዢ ሕይወቱን ሙሉ ያየው 1 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። የሚፈልገው ሁሉ በዚያ ቁጥር ስለሚመጣለት ምልክቱ ትርጉም ኖሮት አያውቅም።

ብሪታኒያ ያለው ገዢ ተቃራኒው ነው። ከ1998 ጀምሮ ፊልም ወዳዱ ሁሉ የአሜሪካው ዲስክ ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ተጨማሪ ቪዲዮም እንደሚበዛበት ያውቅ ነበር። ከባሕር ማዶ ማዘዝ ተለመደ፤ ሱቆችም የሪጅን ቁልፋቸው የተፈታ ማጫወቻዎችን በግልጽ ይሸጡ ነበር። በ2009 አንድ ተራ የለንደን ፊልም ሰብሳቢ ቤት እነዚያ 25 ዲስኮች ቢደርሱ ኖሮ ምሽቱን ያለ ችግር ይታዩ ነበር ብሎ መገመት ድፍረት አይሆንም። የአገሪቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን መኖሪያ ውስጥ የነበረው ማጫወቻ ማንም ያልነካካው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መሆኑ ነው የጉዳዩ ምጸት።

መፍትሔውም በእጅ ያለ ነበር። ብዙ ማጫወቻዎች የተደበቀ ሜኑ አላቸው፦ ትሪውን ከፍቶ፣ በሪሞቱ ለሞዴሉ የተወሰኑትን ቁጥሮች በተርታ ሲጫኑ ማያው ላይ የሪጅን ቁጥሩ ብቅ ይላል፤ ቀስቱን ተጭኖ 2ን ወደ 1 መቀየር፣ ትሪውን መዝጋት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ብዙ ሰው 0ን ይመርጣል፣ «ሁሉንም ክፈት» ለማለት። ከ2000 ወዲህ ግን አንዳንድ ስቱዲዮዎች አርሲኢ የሚባል ተጨማሪ ፍተሻ አስገብተዋል። እዚህ ላይ ጠያቂው ዲስኩ ራሱ ነው። ዲስኩ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም የማጫወቻውን የሪጅን መዝገብ አንብቦ፣ በትክክል 1 የሚል ካላገኘ የዓለም ካርታ አሳይቶ ይቆማል። ለዚህ ዓይነቱ ዲስክ 0 ላይ የተደረገ ማጫወቻ አይበቃም፤ 1 ላይ የተደረገው ግን ያልፋል። ስለዚህ ለብራውን ስብስብ ትክክለኛው መልስ 1 ነበር።

ኮምፒውተር ሌላው መንገድ ነው፤ የራሱ ወጥመድ ግን አለው። ከ2000 መግቢያ ጀምሮ የተሠሩ የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቮች የሪጅን ቁጥሩን በሃርድዌራቸው ውስጥ ይይዛሉ፣ ተጠቃሚውም መቀየር የሚችለው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። አምስተኛው ላይ ያለው ቁጥር ይጸናል። ለአንድ ምሽት ብሎ ከ2 ወደ 1፣ ነገ ደግሞ ተመልሶ ወደ 2 የሚለዋውጥ ሰው ሳያስበው ገደቡን ይጨርሰውና ድራይቩ ተሳስቶ የቆመበት አገር ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። የሚሻለው ለአሜሪካ ዲስኮች የራሳቸው ርካሽ ድራይቭ መመደብ ነው።

ከሁሉም የሚቀለው መፍትሔ ግን ስጦታው ከመሰጠቱ በፊት ነበር። አሜሪካ በ2009 ለንደን ግሮቭነር አደባባይ ላይ ትልቅ ኤምባሲ ነበራት። አንድ ሠራተኛ ወጣ ብሎ የእነዚያኑ ፊልሞች የብሪታኒያ ሕትመት ቢገዛ፣ ሪጅኑም ፓሉም በአንድ ጊዜ ይስተካከል ነበር። ፊልሞቹ የአሜሪካ መሆናቸው አይቀየርም፤ የሚቀየረው ማቀፊያው ጀርባ ያለው ቁጥር ነው።

ስጦታው በተቃራኒው ቢሆንስ?

ይህን ጉዳይ የሚያስረዳ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ገልብጦ ቢያስበው ጥሩ ነው። ብራውን ለኦባማ 25 የብሪታኒያ ፊልሞችን በፓል ዲስክ ሰጥተው ቢሆን ውጤቱ የባሰ ይሆን ነበር። የሪጅኑ በር እኩል ዝግ ነው። ነገር ግን ያ በር ቢከፈት እንኳ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ የፓል ዲስክ አያጫውቱም፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥኖችም 50 ኸርዝ የሚቀበሉት ጥቂቶቹ ናቸው። የኋይት ሀውስ ባለሙያ በሪሞቱ ቁጥሩን ቢቀይር የሚጠብቀው ሌላ ግድግዳ ነው፤ ምልክቱን ቀይሮ የሚያወጣ ማጫወቻ መግዛት ወይም በኮምፒውተር ማየት ይኖርበታል።

ይህ አለመመጣጠን የመጣው ከገበያ ነው። አውሮፓውያን የአሜሪካ ቪዲዮ ካሴት፣ የጃፓን የጨዋታ መሣሪያና የባሕር ማዶ ዲስክ ሲያዩ ስለኖሩ አምራቾች 60 ኸርዝን ሳይጠየቁ ማስገባት ለመዱ። አሜሪካዊው ገዢ ግን የውጭውን ስላልጠየቀ ማንም አላስገባለትም። የዲቪዲ ተተኪ የሆነው ብሉ ሬይ ሲመጣ ካርታው ወደ ሦስት ተሰብስቦ አሜሪካና ጃፓን ኤ፣ ብሪታኒያና አውሮፓ ቢ ሆኑ፤ ያው ስጦታ በብሉ ሬይ ቢሰጥም ሁለቱ መሪዎች በተለያየ ምድብ ውስጥ ነበሩ። የሪጅን ገደቡ ጨርሶ የቀረው በ2016 በወጣው በባለ 4ኬው ዲስክ ላይ ነው።

ብራውን ወደ አገራቸው በተመለሱ በወሩ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2009፣ ኦባማ ለንደን መጥተው ለንግሥት ኤልሳቤጥ ስጦታ ሰጡ። አይፖድ ነበር፤ ንግሥቲቱ በ2007 ቨርጂኒያን ሲጎበኙ የተቀረጹ ምስሎችና ቪዲዮዎች ተጭነውበታል። ፕሬሱ በዚህም ሳቀ። ቪዲዮ የሚያሳዩት የዚያን ዘመን አይፖዶች ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኙ ግን በቅንብር ሜኑው ውስጥ «የቴሌቪዥን ምልክት» የሚል መሥመር አላቸው። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፣ ኤንቲኤስሲና ፓል፤ የፈለጉትን መጫን ነው፣ ስንት ጊዜ እንደተቀየረም የሚቆጥር የለም።